ከቴራስ የሚንጠባጠብ ውሃ፣ ሌሊት የሚጎድል ገንዳና ከመስኮት ጥግ የወረደ ስንጥቅ፦ ለአንድ የቤት ባለቤት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ የሚከተለው ነው። ጠያቂያችን በአዲስ አበባ አያት አካባቢ፣ ከስድስት ዓመት በፊት በተሠራ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ይኖራሉ። በሐምሌና በነሐሴ ከቴራሱ ሥር ባለው የሳሎን ጣሪያ ላይ በቀጥታ መስመር የሄደ ስንጥቅ ውሃ ያንጠባጥባል። ግንበኛ ሦስት ጊዜ፣ ከላይም ከታችም፣ ሲሚንቶ ለቅልቆበት ሦስቱንም ጊዜ ተመልሷል። ቴራሱ ሴራሚክ የለውም፤ ሊሾ ብቻ ነው። በግቢው ውስጥ ያለው 2 በ3 ሜትር የሆነ የአርማታ ገንዳ ሌሊቱን ይጎድላል። ከዚህም ሌላ ከመኝታ ቤቱ መስኮት የታችኛው ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ የወረደ ስንጥቅ በግድግዳው ላይ ይታያል። «ከሚመጣው ክረምት በፊት ከአንድ ግንበኛ ጋር ሆኜ ልጠግነው የምችለው ነው ወይስ መፍረስ ያለበት ነገር አለ?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

በቅድሚያ ልቦናዎ እንዲረጋጋ፣ ከገለጹልኝ ውስጥ መፍረስን የሚጠይቅ ነገር አላየሁም። የቴራሱና የገንዳው ችግር በዚህ በጋ ሊጠገን ይችላል፤ የመስኮቱን ጥግ ስንጥቅ ግን ቢያንስ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ድረስ እንዳይነኩት እለምንዎታለሁ። ሦስቱ ስንጥቆች ለዓይን ይመሳሰላሉ እንጂ ጠባያቸው የተለያየ ነው። የቴራሱ ከፀሐይና ከብርድ ጋር በየቀኑ የሚከፈትና የሚዘጋ ነው። የገንዳው አብዛኛውን ጊዜ ከቦታው የማይንቀሳቀስ፣ ነገር ግን ውሃ ያለ እረፍት የሚገፋው ነው። የግድግዳው ደግሞ ከመሠረቱ ሥር ካለው አፈር ጋር በዓመት አንድ ጊዜ የሚሄድና የሚመለስ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማንኛውም ሰው መሮና መዶሻ ከማንሣቱ በፊት ሊመልሳቸው የሚገቡ ሁለት ጥያቄዎች አሉ፤ ይህ ስንጥቅ ይንቀሳቀሳል ወይ? ውሃውስ የሚገባው በየት በኩል ነው?

የግንበኛዎ ሥራ ለምን እንዳልያዘ በዚህ መንገድ ሲታይ ግልጽ ይሆናል። በውሃ ብቻ የተበጠበጠ ሲሚንቶ አሸዋ ስለሌለው ሲደርቅ ራሱ ይኮማተራል። ፀጉር በመሰለ ስንጥቅ ላይ ሲለቀለቅ ወደ ውስጥ የሚገባው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ላዩ ላይ ስስ ልጣጭ ሆኖ ይቀራል። አርማታ በበኩሉ በሙቀት ይለጠጣል፣ በብርድ ይሰበሰባል። 10 ሜትር የሚረዝም ሶሌታ (የአርማታ ወለል) ሙቀቱ በ25 ዲግሪ ቢለዋወጥ ርዝመቱ ወደ 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል ይለያያል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች እየወረደ፣ ቀን ደግሞ ደመና የሌለው ፀሐይ በቀጥታ በሊሾው ላይ ሲያርፍ፣ የላይኛው ገጽ ይህን የመሰለ ልዩነት ቢያይ እንግዳ ነገር አይደለም። ሶሌታው ደካማ ቦታ ሲያገኝ እንቅስቃሴውን ሁሉ እዚያው ያወጣዋል፤ ደርቆ የጠነከረው የሲሚንቶ ልጣጭም በዚያው መስመር እንደገና ይሰነጠቃል። ከታች በኩል መለቅለቁ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ውሃው መግባቱን ሳያቆም መውጫው ብቻ ተዘግቶ በሶሌታው ውስጥ ይጠራቀማል፣ ብረቱንም ማዛግ ይጀምራል።

ስንጥቁ በቀጥታ መስመር የሄደ መሆኑን መጻፍዎ ብዙ ነገር ነግሮኛል። በከተማችን ብዙ ቤቶችና ኮንዶሚኒየሞች የሚሠሩት አስቀድመው በተዘጋጁ ቀጫጭን ቢሞችና በመካከላቸው በሚደረደሩ ባዶ ሆድ ብሎኬቶች ላይ ጥቂት ሳንቲ ሜትር አርማታ በመሙላት ነው። ቢሙና ብሎኬቱ የሚገናኙበት መስመር ከሥር ባለው ልስን ላይ በስንጥቅ መልክ ይታያል፤ ይህ በራሱ የአደጋ ምልክት አይደለም። ችግሩ ሌላ ነው። ከላይ የገባው ውሃ በብሎኬቶቹ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል፣ በቢሙም ጎን ተከትሎ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይጓዛል፣ ከዚያም ልስኑ በላላበት ቦታ ይወርዳል። ዝናቡ ካባራ ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ እንኳ ጣሪያዎ ማንጠባጠቡን ካላቆመ ምክንያቱ ይህ ነው። እንዲህ ባለ ሶሌታ ላይ ውሃው የሚታይበት ቦታና የሚገባበት ቦታ እምብዛም አይገጣጠሙም። አንድ ጊዜ በሳሎን መካከል የሚያንጠባጥብ ቤት እንዳይ ተጠርቼ፣ የቤቱ ሰዎች ከጠብታው በላይ ያለውን ሊሾ ሁለት ጊዜ አስፍርሰው እንደገና አስለስነውት አገኘሁ። ውሃው ይገባ የነበረው ከዚያ አራት ሜትር ያህል ርቆ፣ የሳተላይት ዲሽ እግር በተቸነከረባቸው ሦስት ቀዳዳዎች ነበር። ያንን ሁሉ ወጪ ሳስበው ዛሬም ያሳዝነኛል፤ መጀመሪያ የሚያስፈልገው አንድ ቀን የፈጀ ፍተሻ ብቻ ነበርና።

ፍተሻውን እርስዎ ራስዎ ሊሠሩት ይችላሉ። ፀሐይ በወጣበት ቀን ጠዋት ቴራሱን በመጥረጊያ አጽድተው መላውን በውሃ ያርጥቡት፣ ከዚያም እየደረቀ ሲሄድ ቆመው ይመልከቱት። ጤነኛው ሊሾ ቶሎ ይነጣል፤ ስንጥቅ ያለበት ቦታ ግን የጠጣውን ውሃ መልሶ ስለሚያወጣ ጠቆር ያለ ቀጭን መስመር ሆኖ ለጥቂት ደቂቃ ይቆያል። ያን ጊዜ በጠመኔ ያስምሩበት፤ ከደረቀ በኋላ ቢፈልጉት አያገኙትም። ውሃ ኩሬ ሠርቶ የሚቀርባቸውንም ቦታዎች እንዲሁ ያክብቡ። ቀጥሎ ቴራሱን በጭቃ ወይም በአሸዋ በተሞላ ጆንያ ለሁለት ወይም ለሦስት ይክፈሉት፣ የውሃ መውረጃውን በጨርቅና በላስቲክ ይድፈኑ፣ ከዝቅተኛው ክፍል ጀምረው አንዱን ክፍል ብቻ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ባለው ውሃ ሞልተው ለ24 ሰዓት ያቆዩት። ከዚህ በላይ አይሙሉት፤ 5 ሳንቲ ሜትር ውሃ በያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 50 ኪሎ ግራም ይጭናል። ከታች ካልረጠበ ያንን ክፍል አፍስሰው ወደሚቀጥለው ይለፉ። በዚህ ዘዴ ጥፋተኛው ሆነው ደጋግመው የሚገኙት ከሰፊው ወለል ይልቅ የውሃ መውረጃው አፍ ዙሪያ፣ ወለሉና የጠርዙ ግንብ የሚገናኙበት ማዕዘን፣ እንዲሁም የዲሽ፣ የልብስ ማስጫ ገመድና የሶላር ማሞቂያ እግሮች የተቸነከሩባቸው ቦታዎች ናቸው።

ስንጥቁን ሲያገኙ ስፋቱን ይለኩ። ልዩ መለኪያ አያስፈልግም፤ ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ስንት ወረቀት ተደራርቦ እንደሚገባ መቁጠር ለቤት ሥራ ይበቃል። በአርማታ ላይ እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ስንጥቅ ለሕንፃው ጥንካሬ የሚያሰጋ ተደርጎ አይወሰድም። ለውሃ ግን ያም ቢሆን በር ነው። ከጣሪያው ሥር በስንጥቁ ዳርና ዳር ነጭ ልጣጭ ካዩ አይደንግጡ፤ ውሃው ከሲሚንቶው ውስጥ ኖራ አሟሙቶ ካወጣ በኋላ ከአየሩ ጋር ተዋሕዶ የደረቀ ነው። በጣም ቀጭን የሆኑ፣ የማይንቀሳቀሱ ስንጥቆች አንዳንድ ጊዜ በዚሁ ነጭ ነገር ራሳቸውን እስከ መድፈን ይደርሳሉ። ሊያሳስብዎ የሚገባው ቡናማ እድፍ ነው፤ እሱ የብረት ዝገት ነው። ዝገት ከበላው ብረት ብዙ እጥፍ ቦታ ስለሚይዝ አርማታውን ከውስጥ እየገፋ ይፈለፍለዋል። ጣሪያውን በመዶሻ እጀታ ቀስ ብለው ሲያንኳኩት የባዶ ጣሳ ድምፅ የሚሰጥ ቦታ ካለ፣ ልስኑ ወይም አርማታው ከብረቱ ተላቆ ሊሆን ይችላልና እዚያ ላይ ባለሙያ በአካል እንዲያየው ያድርጉ።

አሁን ወደ ጥገናው። ግንበኛው ስንጥቁን ተከትሎ 1.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋትና ጥልቀት ያለው ቦይ በግራይንደርና በመሮ ያውጣ። የቦዩ ጎኖች ቀጥ ያሉ ይሁኑ፤ ወደ ጠርዙ እየሳሳ የሚሄድ ሙሌት ከዳር ጀምሮ ይነሣል። ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ አይውረድ፤ ከሊሾው ሥር ያለው አርማታ ስስ ነው፣ በውስጡም ብረት አለ። የድሮዎቹ የሲሚንቶ ልጣጮች ሙሉ በሙሉ ይፋቁ፣ አቧራው በብረት ብሩሽና በሚነፋ አየር ይውጣ። አቧራ የቀረበት ቦይ ላይ የተሞላ ውድ ዕቃ ከአቧራው ጋር እንጂ ከአርማታው ጋር አይጣበቅም። ይህን ሥራ ቆመው ያሠሩት፤ የጥገናው ዕድሜ ከግማሽ በላይ የሚወሰነው በጽዳቱ ነው ብዬ አምናለሁ።

በቦዩ ውስጥ የሚሞላው ጠንካራ ሲሚንቶ ሳይሆን የሚለጠጥ የፖሊዩሬቴን ማሸጊያ መሆን አለበት። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘሉት አንድ ነገር አለ። ማሸጊያው በቦዩ ግራና ቀኝ ብቻ እንጂ ከሥሩ መጣበቅ የለበትም። ከሥርም ከተጣበቀ ስንጥቁ ሲከፈት የሚለጠጥበት ነፃነት ስለሚያጣ በመሐሉ ይቀደዳል። ስለዚህ አስቀድሞ በቦዩ ሥር ክብ የስፖንጅ ገመድ ይወተፋል፤ ካልተገኘ ደግሞ ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት የወረቀት ፕላስተር በሥሩ ይነጠፋል። የማሸጊያው ውፍረት ከስፋቱ ግማሽ ያህል ቢሆን ይመረጣል። የሚሠራበት ሰዓት ጤዛው ደርቆ ሶሌታው ገና ሳይግል፣ ረፋድ ላይ ቢሆን መልካም ነው፤ ስንጥቁ ያን ጊዜ ሰፋ ብሎ ስለሚገኝ ማሸጊያው ቀን ላይ የሚደርስበት መጨመቅ እንጂ መወጠር አይሆንም። ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተውን ርካሽ ሲልኮን በዚህ ቦታ አይጠቀሙ። ከአርማታ ጋር አይስማማም፤ ከላዩም ቀለምም ሆነ ሌላ የውሃ መከላከያ አይዝለትም።

ስንጥቁን ብቻ ማሸግ ግን ለአንድ ክረምት ይሆናል እንጂ ዘላቂ መፍትሔ አይደለም፤ ሌላው የሊሾ ክፍልም በጊዜው ይሰነጠቃል። በሰው እግር ለሚረገጥ ቴራስ እኔ የምመርጠው ዱቄትና ፈሳሽ ሆኖ በሁለት ዕቃ የሚመጣውን፣ ተለጣጭ የሆነውን በሲሚንቶ ላይ የተመሠረተ መከላከያ ነው። ይህ በሁለት ዙር ይቀባል፤ ሁለተኛው ዙር የመጀመሪያውን አቅጣጫ አቋርጦ ይሄዳል። በታሸጉት ስንጥቆችና በማዕዘኖቹ ላይ ደግሞ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የፋይበር መረብ በመጀመሪያው ዙር ውስጥ ይቀበራል። ከጠርዙ ግንብ ጋር በሚገናኝበት ቦታ በቅድሚያ ማዕዘኑ በሲሚንቶና በአሸዋ ሰያፍ ተደርጎ ይሞላ፤ መከላከያውም ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ወደ ግንቡ ይውጣ። በጋዝ እሳት እየተለበለበ የሚነጠፈው ጥቁር ሜምብሬንም ጥሩ ነው፤ ጎን ለጎን 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ተደራርቦ መበየድና ፀሐይ በቀጥታ እንዳያገኘው በሊሾ ወይም በንጣፍ መሸፈን ግን ይኖርበታል። ካትራሜ (ጥቁር ሬንጅ) መለቅለቅን በፍጹም አልመክርም። ፀሐይ አድርቃ ትሰነጣጥቀዋለች፤ ከዚያ በኋላ ደህና መከላከያ ልቀባ ቢሉ ካትራሜው ሁሉ ካልተፋቀ የሚጣበቅ ነገር አያገኙም። ኩሬ የሚሠሩትን ቦታዎች በተመለከተ፣ ወለሉ በየሜትሩ 1.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ መውረጃው ማዘንበል አለበት። ከዚህ በጣም ያነሰ ከሆነ መከላከያው ከመቀባቱ በፊት ተዳፋቱን ማስተካከል ግዴታ ነው፤ ቆሞ የሚውል ውሃ የትኛውንም መከላከያ ይፈታተናል።

ወደ ገንዳው ስንሄድ፣ መጀመሪያ የሚያፈሰው ገንዳው ራሱ ነው ወይስ ከገንዳው የሚወጣው መስመር የሚለውን መለየት ያስፈልጋል። ምሽት ላይ መግቢያውንም መውጫውንም ቫልቭ ዘግተው የውሃውን ከፍታ በግድግዳው ላይ ያስምሩ፣ ከ12 ሰዓት በኋላ ይለኩ። በ2 በ3 ሜትር ገንዳ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር መጉደል 60 ሊትር ነው። ቫልቮቹ ተዘግተው ካልጎደለ ገንዳዎ ጤነኛ ነው፤ ውሃው የሚጠፋው በቤቱ መስመር ውስጥ ነው፣ ብዙ ጊዜም ድምፅ ሳያሰማ በሚፈስ የሽንት ቤት ማጠራቀሚያ በኩል። በማጠራቀሚያው ውስጥ ጥቂት የብዕር ቀለም ጨምረው ሳያወርዱ ግማሽ ሰዓት ቢጠብቁ፣ ቀለሙ ወደ መቀመጫው ወርዶ ከታየ ምክንያቱን አገኙ ማለት ነው። ቫልቮቹ ተዘግተውም ከጎደለ ደግሞ ገንዳውን ሳይሞሉ ለጥቂት ቀናት ይተዉትና በየጠዋቱ ያስምሩ። ውሃው እየወረደ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ መውረዱን ያቆማል፤ ቀዳዳው ያለው በዚያ ከፍታ ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ብሎ ነው። መውረዱን ሳያቆም ካለቀ ችግሩ ከወለሉ ወይም ወለሉና ግድግዳው ከሚገናኙበት ማዕዘን ነው። ቧንቧ ግድግዳውን በስቶ የሚያልፍበትንም ቦታ አይርሱ፤ የፕላስቲክ ቧንቧ ከሲሚንቶ ጋር ፈጽሞ ስለማይጣበቅ ዙሪያው የተለመደ ማፍሰሻ ነው።

ይህን ጉዳይ የውሃ ብክነት ብቻ አድርገው እንዳያዩት። በበጋ ውሃ የሚወጣበት ስንጥቅ፣ በክረምት አፈሩ ሲሞላና ገንዳው ሲጎድል ውሃ የሚገባበት ይሆናል፤ በብዙ ግቢዎች ደግሞ የፍሳሽ ጉድጓዱ ከገንዳው ሩቅ አይደለም። ቤተሰቡ ከዚህ ገንዳ የሚጠጣ ከሆነ እስኪጠገን ድረስ ውሃውን አፍልተው ይጠጡ።

ገንዳው ባዶ ሆኖ ከውስጥ ይጠገናል። ወደ ተዘጋ ገንዳ ማንም ብቻውን አይግባ። ክዳኑ ለረጅም ሰዓት ተከፍቶ ይናፈስ፣ ከላይ የሚጠብቅ ሰው ይኑር፣ በነዳጅ የሚሠራ ሞተር ወደ ውስጥም ሆነ ወደ አፉ አይቅረብ። በተዘጋ ጉድጓድ ውስጥ አየር ማጣት ሰውን በደቂቃዎች ውስጥ ይጥላል፤ ሊያወጣው ተከትሎት የገባውንም ጨምሮ። ስንጥቁ እንደ ቴራሱ በቦይ ይቆረጣል፤ ልዩነቱ እዚህ የቦዩ ውስጠኛ ክፍል ከአፉ ትንሽ ሰፋ ቢል ሙሌቱን ይዞ ማስቀረቱ ነው። ባዶ ተደርጎም ቢሆን ከውጭ እርጥበት የሚገፋ ከሆነ ፈጥኖ የሚጠነክር የውሃ ማቆሚያ ሲሚንቶ ያስፈልጋል። ይህ ዕቃ ከውሃ ጋር ከተገናኘ በኋላ የሚሰጥዎ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ እፍኝ ልክ ብቻ ይበጥብጡ፣ በጓንት እጅ እንደ ሊጥ ያድቦልቡሉት፣ በመዳፍዎ ውስጥ መሞቅ ሲጀምር ቦዩ ውስጥ በኃይል ተጭነው እስኪጠነክር ሳያንቀሳቅሱ ይያዙት። ከላይ ወደ ታች እየሠሩ ይምጡ፤ ውሃው በብዛት የሚመጣበትን ቦታ ለመጨረሻ ያስቀሩት። እርጥበት ከሌለ ግን አንድ እጅ ሲሚንቶና ሦስት እጅ የተነፋ አሸዋ፣ የማጣበቂያ ፈሳሽ በተጨመረበት ውሃ ተለውሶ ይበቃል። ከመሞላቱ በፊት ቦዩ ይርጠብ፤ ውሃ ግን አይቋጥር።

በሲሚንቶ የተሞላው ሁሉ ቢያንስ ለ7 ቀን በእርጥብ ጆንያ መሸፈን አለበት። በገበያችን በብዛት የሚገኘው ፖዞላና (የተፈጨ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) የተቀላቀለበት ሲሚንቶ ለጥገና መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን ጥንካሬውን ቀስ ብሎ ስለሚያገኝ ከ10 እስከ 14 ቀን ውሃ ቢጠጣ ይሻላል። ውሃ የማጠጣቱን ሥራ ለግንበኛው ብቻ አይተዉት፤ እሱ ሥራውን ጨርሶ ሌላ ቤት ሄዷል። ከዚያ የገንዳው ውስጠኛ ገጽ በሙሉ፣ ማዕዘኖቹ በሰያፍ ከተሞሉ በኋላ፣ ለመጠጥ ውሃ የተፈቀደ መሆኑ በመያዣ ከረጢቱ ላይ በተጻፈ የሲሚንቶ መከላከያ ሁለት ዙር ይቀባ። ካትራሜና የዘይት ቀለም ወደ መጠጥ ውሃ ገንዳ አይገቡም። መከላከያው በመያዣ ከረጢቱ ላይ በታዘዘው ልክ ከደረቀ በኋላ ገንዳው አንድ ጊዜ ይታጠብ፣ ይሞላ፣ 5 በመቶ ክሎሪን ያለው ሽታ ያልተጨመረበት በረኪና በያንዳንዱ 1,000 ሊትር ውሃ 1 ሊትር ተጨምሮ ለ24 ሰዓት ይቆይ፣ ውሃው ሳይጠጣ ይደፋ፣ ገንዳውም እንደገና በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅ።

በሁሉም ሥራ ላይ ጓንትና መነጽር ይኑር። እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳን ቀስ ብሎ ያቃጥላል፤ ግራይንደርም የሚያስነሣው አቧራ ሳንባ ይጎዳልና አፍና አፍንጫ ይሸፈን።

የመስኮቱን ጥግ ስንጥቅ ለመጨረሻ ያስቀረሁት አቅልዬው አይደለም። አያት፣ ሲኤምሲ፣ ሰሚትና ቦሌ በብዙ ክፍላቸው ጥቁር መረሬ አፈር ያለባቸው ናቸው። ይህ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ መጨረሻ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጣጠቃል። ቤቱም በያንዳንዱ ማዕዘኑ እኩል ስለማይነሣና እኩል ስለማይወርድ፣ ግድግዳው በደካማ ቦታው ማለትም በመስኮትና በበር ጥግ በኩል በሰያፍ ይከፈታል። ሌላም ቀላል ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ ከመስኮቱ ሥር ያለው ብሎኬትና ልስን ሲደርቅ በመኮማተሩ ብቻ የመጣ ስንጥቅ በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ መንቀሳቀሱን ያቆማል። በዓይን ብቻ አይለዩም፤ የሚለዩት በጊዜ ነው።

ስለዚህ ዛሬውኑ ይህን ያድርጉ። በስንጥቁ ላይ፣ ከላይ፣ ከመሐልና ከታች፣ ቀለሙን ፍቀው የመዳፍ ስፋት ያለው ጂፕሰም በስሱ፣ 5 ሚሊ ሜትር ያህል አድርገው ይለጥፉና ሲደርቅ ቀኑን በእርሳስ ይጻፉበት። ስንጥቁ የሚያልቅበትንም ጫፍ በእርሳስ አስምረው ቀን ይጻፉ። ጂፕሰም አይለጠጥም፤ ግድግዳው ጥቂት እንኳ ቢንቀሳቀስ ፀጉር የመሰለ መስመር ይታይበታል። በየወሩ መጀመሪያ ፎቶ ያንሡት። እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ሳይሰነጠቅ ከቆየ ስንጥቁ የሞተ ነው፤ ልስኑን በግራና በቀኝ 10፣ 10 ሳንቲ ሜትር አስነሥተው፣ የፋይበር መረብ አልብሰው፣ እንደገና ማስለሰን ይበቃል። ከተሰነጠቀ ግን ልስን መቀያየር ገንዘብ ማባከን ነው፤ መድኃኒቱ ከግድግዳው ሳይሆን ከአፈሩ ላይ ነው። የአሸንዳው ውሃ መሠረቱ ሥር እንዳይፈስ ከግቢ በቱቦ ይውጣ፣ በቤቱ ዙሪያ ቢያንስ አንድ ሜትር የሚሰፋ ወደ ውጭ ያዘነበለ የሲሚንቶ ንጣፍ ይሠራ፣ ከመስኮቱ ሥር በየቀኑ የሚጠጣ አትክልት ካለ ይነሣ፣ ትልልቅ ዛፎችም ከቤቱ ይራቁ። ያፈስ የነበረው ገንዳ ለዚህ ግድግዳ ቅርብ ከሆነ ደግሞ ምናልባት አንዱ ችግር የሌላው ምክንያት ነው፤ ገንዳው ከተጠገነ በኋላ ያለውን ጊዜ ለብቻው ይቁጠሩት። ስንጥቁ 3 ሚሊ ሜትር ካለፈ፣ በእጅ ሲዳሰስ አንዱ ወገን ከሌላው ወጣ ያለ ከሆነ፣ በኮለን (በአርማታ ምሰሶ) ወይም በቢም ላይ ከታየ፣ ወይም በዚያ ክፍል ያለው በር መግጠም ካቃተው፣ ሚያዝያን ሳይጠብቁ የስትራክቸር መሐንዲስ ይጥሩ።

የሳሎኑን ጣሪያ ቀለም መቀባት የሥራው ሁሉ መጨረሻ ነው፤ ቤተሰብ እድፉን ማየት ሰልችቶት መጀመሪያ የሚሠራው እሱን መሆኑን አውቃለሁና ትንሽ ይታገሡ። ቴራሱ ተቀብቶ ሲያልቅ መውረጃውን ደፍነው የ24 ሰዓቱን ፈተና እንደገና ይድገሙ። ከታች አዲስ እርጥበት ካልታየ፣ ግንበኛው እድፉ ባለበት መስመር በብሎኬቶቹ ሆድ ሥር ሁለት ሦስት ቦታ በቀጭን መሰርሰሪያ ይብሳ፤ የተጠራቀመ ውሃ ካለ ከሥሩ ባልዲ አስቀምጠው ያውጡት። ከዚያ በኋላ ጣሪያው ለሳምንታት ይናፈስ። መድረቁን ለማወቅ የመጽሐፍ ስፋት ያለው ላስቲክ በአራቱም ጎን በፕላስተር በጣሪያው ላይ ይለጥፉና በማግሥቱ ገልጠው ይዩት፤ የውስጠኛው ፊት ላብ ካለበት ገና ነው። ደረቅ ሆኖ ሲያገኙት ነጩን ልጣጭ በደረቅ ብሩሽ ጠርገው፣ ቀዳዳዎቹን ደፍነው፣ ቀለም ቀቢውን ሊጠሩ ይችላሉ።